ተቀምጠህ ሳቅ

መጀመሪያ ጊዜ ስትወድቅ ያየሁህ
ጠባሴ፣ ሰርግ ቤት፤ ቀልድ ነበር የጣለህ።
ይግለጡ የአማቱን በቅሎ ነገር ሲያመጣ
ከሳቅህ መሀል ላይ ጉልበትህ ሲወጣ፣
አገጭህ ሲረግብ፣ ብርጭቆው ሲከዳህ፣
«ጠላው ነው» አሉና እየሳቁ አነሡህ።
እኔ ግን ዓይንህን ጎንበስ ብዬ ባየው
ነቅቷል፣ ያውቀኛል፤ የሞተው ገላህ ነው።

ቀጥሎ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ የሌሊት ፈረቃ፣
ክሩ ሲበጠስ አንተ ሳትነቃ፣
ማሽኑ ጥግ ተደፍተህ ሱፉን ተንተርሰህ፤
የደብረ ብርሃን ውርጭ በመስኮት ሲያይህ።
አለቃህ ጻፈብህ፦ «ሰነፍ ነው፤ ይጠጣል»።
እናትህም አሉ፦ «ዓይን ነው፤ በጠበል ይወጣል»።
ሰባት ቀን ተጠመቅህ። በስምንተኛው ቀን
ባጃጅ ውስጥ ተኝተህ አለፍን ቤታችንን።

ሐኪሙ ሀብተየስ፣ የአንኮበሩ ልጅ፣
ካርቶን ላይ ጭንቅላት ሣለልን በእጅ።
«እዚህ ጋ» አለና ከሥሩ ነጥብ ጣለ፣
«አንዲት ትንሽ መንደር እዚህ ነበር» አለ።
«መልእክት ትልካለች፣ ኦረክሲን የሚሉት፤
ስሙ ከረሀብ ነው፤ መጀመሪያ ሲያገኙት
የምግብ አምሮት ብቻ መስሏቸው ነበር፤
ኋላ ነው የታየው የሱ ዋና ነገር፦
ንቃትን ደግፎ ማቆም እንደ ምሰሶ፣
እንቅልፍ ያለ ሰዓቱ እንዳይገባ ደርሶ።
ሁለት ዓይነት ተቀባይ በየደጁ ቆመው
ይጠብቁታል። ሲደርስ፣ ግጥም ነው።»

«ግጥም» ሲል ገረመኝ። እኔ የማውቀው ግጥም
ቃል ነው፤ ቤት ይመታል። የዚህ ድምፅ የለውም፤
እንደ ክዳን ገጥሞ፣ ሳያንኳኳ ገብቶ
ሰው ቀና ያደርጋል፣ እሱ ሳይታይ ቀርቶ።

«ምን ሆነች መንደሯ?»
ብዕሩን አስቀመጠ።
«የዚያ ዓመት ጉንፋን ነው፣ ይመስለኛል። የገላህ ዘብ ደነገጠ፤
ጠላት የመታ መስሎት የራሱን ሰው ጨረሰ።
ተቀባዮቹ ግን አሉ።»

ይህቺ ናት ያንገበገበችኝ። አልሞቱም። አሉ።
አውራጁ ሞቶ፣ ተቀባዩ ቆሞ፣
መዳፉን ለጭብጨባ ከፍቶ፣ አፉን ገጥሞ፣
የሚወርድለትን እየጠበቀ፤
ማን ይንገረው ዘፈኑ እንዳለቀ?

ሳቁንም አስረዳን። ለካ ሌሊት ሌሊት
ሕልም የሚያይ ሰው ሁሉ አለበት እግር ብረት፣
በሕልሙ ሲሮጥ ከአልጋው እንዳይሮጥ።
አንተ ጋ ቁልፍ ያዡ የለም። ደስ ሲልህ በድንገት
ያ ብረት ከሌሊቱ ሾልኮ በቀን ይገባል።
ሐዘን አይጥልህም። ንዴትም እምብዛም።
ደስታ ነው።

እቤት ስንመለስ ሳቅ ቆጣቢ ሆንኩኝ።
የይግለጡን ወሬ በር ላይ አስቀረሁኝ።
ልጃችን ምንትዋብ ተረብ ስትጀምር
በዓይኔ ገሠጽኳት። ሦስት ወር፣ አራት ወር
ሳትወድቅ ከረምክ። እኔም መልካም ሚስት መሰልኩኝ።
በሬሳ ዳር ሣሩ በጥቅምት ሲነጣ
አንድ ማታ አልከኝ፣ ድምፅህ እምብዛም ሳይወጣ፦
«ስወድቅ ጉልበቴን ነበር የሚያመኝ።
አሁን ግን የት እንደሆነ እንጃ።»

ብርድ ልብሱን አነጠፍኩ፣ የሠራኸውን፣
ጠርዙ ላይ ያ የዘለለ ክር ያለበትን፣
ተኝተህ ያሳለፍከውን።
«ተቀመጥ» አልኩህ፤ «ልቀልድብህ ነው።
አባትህ ወንድይራድ ያሉህ ወንዱ ሁሉ እንዲርድ፤
ይኸው ማን ራደ? በበቅሎ ወሬ የሚወድቅ ወንድ!»

መጀመሪያ አገጭህ። ከዚያ አንገትህ። ከዚያ ትከሻህ፤
ቀስ ብሎ፣ እንደ ከረጢት እህል፣ ወደ እኔ ሲያዘነብልህ፣
ዓይንህ ብቻ ነቅቶ፣ ዓይንህ ብቻ ሲስቅ፣
ተቀበልኩህ።

አንድ ደቂቃ ነው። ቢበዛ ሁለት።
ምንትዋብ ከበሩ ሆና «ድገሚለት» አለች፣ «ድገሚለት»።